ስለ ርቀት እይታ ልምምድ እና ስለ ጠፋው የጎረቤት ወርቅ

የተላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ በጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ የሚኖሩ መምህርት ናቸው። «ሪሞት ቪዊንግ» ወይም የርቀት እይታ የሚባለውን፣ ሩቅ ያለ ቦታን ወይም የተደበቀ ነገርን በአእምሮ የማየት ልምምድ፣ በቴሌግራም በሚሰጥ የክፍያ ሥልጠና ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ወንድማቸው የደበቀውን ፎቶግራፍ ለማየት ስምንት ጊዜ ሞክረው አራቱ እንደገጠሙላቸው ገልጸው፣ የሥዕል ገጾቻቸውንም አያይዘዋል። በዚህ መሀል የአንገት ወርቅ የጠፋባቸው ጎረቤታቸው ቡና ላይ «እስቲ እዪልኝ» ብለዋቸው ሲሞክሩ፣ «ሰማያዊ ነገር፣ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ጨርቅ» ታይቷቸዋል። ጎረቤትየዋ ይህን ሲሰሙ የቤት ሠራተኛቸው የምትተኛበት ክፍል ነው ብለው ደምድመዋል። ጠያቂዋ ችሎታው እውነት መሆኑን፣ ልምምዱን በኃላፊነት እንዴት እንደሚቀጥሉ፣ ለጎረቤታቸው ምን እንደሚሉ፣ እንዲሁም ለሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና መክፈል ይገባቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እኅቴ፣ በጎረቤትዎ ጉዳይ ልጀምር፤ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ሊቆይ ይችላል፣ በዚህኛው ግን የአንዲት ልጅ እንጀራና ስም አለበት። ዛሬውኑ ሄደው፣ ያዩት ነገር የማንንም ክፍል እንደማያመለክት፣ በእሱ ምክንያትም ማንም ሊመረመር ወይም ሊባረር እንደማይገባ በግልጽ ይንገሯቸው። «እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም» የሚለው መከላከያ ውኃ አያነሳም። ጎረቤትዎ አስቀድመው የሚጠረጥሩት ሰው ስለነበራቸው፣ የእርስዎ ሦስት ቃላት ያለ ብዙ ድካም ወደዚያው ጥርጣሬ ሄደዋል። ሰማያዊ ነገርና ዝቅ ያለ ቆርቆሮ የሌለበት ግቢ አዘዞ ውስጥ የት አለ? የራሳቸው ማድ ቤት፣ የዶሮ ቤቱ፣ የውኃ በርሜሉ፣ ከአጥር ውጭ ያለችው ሱቅ ሁሉ ይገቡበታል። ልጅቷ ግን በሰፈሩ ሌባ ከተባለች ሌላ የሚቀጥራት ቤት ማግኘት ይቸግራታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን እንደሚቀጣም አይርሱ፤ ወርቁን የሚፈልጉ ከሆነ መንገዱ ለፖሊስ ማመልከት ነው።

አገራችን ይህን ነገር አስቀድማ ታውቀዋለች። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ አንድ ታዳጊ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣና ያጨስ ነበር፣ ከዚያም ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ተይዞ በመንደሩ ሲንከራተት ይቆይና፣ ገብቶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ ምን እንዳየ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ገመዱን የያዘው ሰው ማንን እንደሚጠረጥርም እንዲሁ። ከዚህ ጎን ለጎን የነበረው አውጫጭኝ፣ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ የሚገደድበት ሸንጎ፣ የራሱ ጉድለት ነበረበት፤ ቢያንስ ግን ምስክሩ «የት ቆመህ አየህ? ማን ነገረህ?» ተብሎ ይፈተን ነበር። የእርስዎ ሦስት ቃላት በየትኛው ሸንጎ ሊፈተኑ ይችላሉ? ሰመመን ውስጥ የታየ ነገር መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም፤ ለዚህ ነው ሦስተኛ ወገንን በሚነካ ጉዳይ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የሌለበት።

ጎረቤትዎ ፊት ለፊትዎ ተቀምጠው እንደነበርም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፉንግስት የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ፣ በሰኮናው እየመታ «ያሰላል» የተባለለትን ሃንስ የሚባል የበርሊን ፈረስ ሲመረምር፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ፈረሱም እንደማያውቅ ደረሰበት። ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን የራስ ንቅናቄና የፊት ለውጥ ነበር። ባለቤቱ አታላይ አልነበረም፤ ምልክት እየሰጠ መሆኑንም አያውቅም ነበር። ከሰው ጋር ተቀምጠው «ቆርቆሮ… ጨርቅ…» ሲሉ፣ የሰውዬው ዓይን በየትኛው ቃል ላይ እንደሚፈጥጥ እርስዎ ሳያውቁት አእምሮዎ ይከታተላል፤ ቀጣዩ ቃልም ከዚያ ይመጣል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ፣ ምርምሩ በእርግጥ ተካሂዷል፤ ችሎታው ግን አልተረጋገጠም። የርቀት እይታ አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው፣ ራስል ታርግ እና ሃሮልድ ፑትሆፍ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባካሄዱት ሙከራ ነው። ሠዓሊው ኢንጎ ስዋን እና የቀድሞው ፖሊስ ፓት ፕራይስ ዋነኞቹ ተመልካቾች ነበሩ። ገንዘቡ መጀመሪያ ከሲአይኤ፣ ኋላም ከአሜሪካ ጦር ኃይልና ከመከላከያ የመረጃ መሥሪያ ቤት ይመጣ ነበር፤ ፕሮግራሙ ስሙን ብዙ ጊዜ ለዋውጦ በመጨረሻ ስታርጌት ተባለና እ.ኤ.አ. በ1995 ተዘጋ። በጠቅላላው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ሥልጠና የሚሸጡ ሰዎች ታሪኩን የሚጨርሱት ወጪው ላይ ነው፤ እንዴት እንደተዘጋ አያነሡም። በ1995 ግምገማውን እንዲያካሂዱ ከተጠሩት ሁለት ምሁራን አንዷ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ጄሲካ አትስ፣ በቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት ከአጋጣሚ በላይ ነው ብለዋል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሬይ ሃይማን ደግሞ የአሠራር ግድፈቶች እንዳልተወገዱና ሌሎች ነጻ ተመራማሪዎች እንዳልደገሙት ተከራክረዋል። የግምገማው ዘገባ የደረሰበት መደምደሚያ ግን፣ በፕሮግራሙ ዕድሜ ሁሉ የተገኘ መረጃ አንድም ጊዜ የስለላ ሥራን ለመምራት አልዋለም የሚል ነበር።

ሥልጠናው ላይ ስለ ሶቪየቱ ክሬን ሰምተው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ፓት ፕራይስ በሴሚፓላቲንስክ ስለሚገኝ ምስጢራዊ ተቋም ተጠይቆ፣ በሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ክሬን ሳለ፤ ሥዕሉ በቦታው ከነበረው ክሬን ጋር በእጅጉ ይመሳሰል ነበር። ይህን የሚክድ የለም። በዚያው ዘገባ ውስጥ የጠቀሳቸው ብዙ ሌሎች ነገሮች ግን በቦታው አልነበሩም፤ ሥልጠናዎች የሚያሳዩትም ክሬኑን ብቻ ነው። ሌላም አለ። በኒውዚላንድ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ማርክስ እና ሪቻርድ ካማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ዳኞች የፕራይስን ቃል ከቦታዎቹ ጋር እንዴት እንዳገናኙ ሲመረምሩ፣ በጽሑፎቹ ውስጥ ቀን የሚጠቁሙና ትናንት የታየውን ቦታ የሚያወሱ ዐረፍተ ነገሮች አገኙ። ዳኞቹም ቦታዎቹ በተጎበኙበት ቅደም ተከተል የተጻፈ ዝርዝር በእጃቸው ነበር። ማርክስ ቦታዎቹን ሳይጎበኝ በእነዚህ ፍንጮች ብቻ ማገናኘት ቻለ፤ ሁለቱም ይህንን እ.ኤ.አ. በ1978 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ከዚህ የምንወስደው፣ ማንም ማጭበርበር ሳያስብ ውጤቱ የሚበላሽበት ቀዳዳ ከተመልካቹ አእምሮ ይልቅ በዳኝነቱ ላይ መሆኑን ነው።

የእርስዎም ቀዳዳ እዚያው ነው። ከላኩልኝ ገጾች አንዱን ላንሣ። ላዩ ክብ የሆነ ረጅም ነገር ስለው፣ ከጎኑ «ድንጋይ፣ ቀዝቃዛ፣ ሰው ይበዛበታል፣ ውኃ» ብለው ጽፈዋል፤ ፎቶው የፋሲል መዋኛ ሆኖ ስለተገኘ «ገጠመ» ብለው ምልክት አድርገውበታል። ፎቶዎቹን ወንድምዎ በስልኩ ያነሣቸው በከተማችን ውስጥ ነው። ያው ገጽ የፋሲል ግቢ ግንብ ቢሆን አይገጥምም ነበር? ቁስቋም ቢሆንስ? ክብ ማማዎች በዙሪያው ያሉት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥርስ? ጎንደር ውስጥ ፎቶ ለማንሣት የሚወጣ ሰው ክብ አናት ያለውን የድንጋይ ሕንፃ ለመሸሽ ብዙ መልፋት ይኖርበታል። ውኃውንም ቢሆን ቀሃ ወይም አንገረብ ያሟላው ነበር። እንግዲህ ገጹ የሚናገረው ስለ ፋሲል መዋኛ ሳይሆን፣ እርስዎና ወንድምዎ አንድ ከተማ ውስጥ እንደምትኖሩ ነው።

በገጹ ግርጌ «መርከብ» የሚል ቃል ተጽፎ ተሰርዟል። የተጻፈው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የተሰረዘው በጥቁር ነው፤ «ገጠመ» የሚለው ምልክትም በዚያው ጥቁር ነው የተደረገው። እንደሚመስለኝ ቃሉ የተሰረዘው ፎቶው ከታየ በኋላ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፤ መልሱን ካየ በኋላ ያልገጠመውን ነገር እንደ ስሕተት አስቦ መሰረዝ የማንም ሰው አእምሮ የሚያደርገው ነው። ግን መርከቡ ካልተቆጠረ ማማውም ሊቆጠር አይገባም።

ስለዚህ መለማመዱን ከወደዱት፣ እኔም አልከለክልዎትም፣ የሚከተለውን ሥርዓት ይያዙ። አንደኛ፣ ፎቶዎቹ ከጎንደር ይውጡ፤ ወንድምዎ በስልኩ ላይ እያንዳንዳቸው አራት ፎቶ የያዙ ማኅደሮችን ያዘጋጅ፣ በአንዱ ማኅደር ውስጥ ያሉት አራቱም እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ይሁኑ፤ ለምሳሌ ፏፏቴ፣ የገበያ ቅመም፣ አውሮፕላን፣ የሕፃን ፊት። ከአራቱ አንዱን እሱ መርጦ ሳይሆን በዕጣ ያውጣ፤ ሰው የሚመርጠውን እኅቱ ልትገምት ትችላለችና። የዕጣውን ቁጥር ፖስታ ውስጥ አሽጎ ከቤት ይውጣ፤ እርስዎ በሚለማመዱበት ሰዓት አብሮዎት አይቀመጥ፣ አይደውል፣ ሻይም አያቅርብ።

ሲቀመጡ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ቀልብዎን ይሰብስቡና የሚመጣልዎትን ቅርጽ፣ ቀለም፣ ሙቀት፣ ሸካራነት ይጻፉ፤ ለነገሩ ስም ለመስጠት አይቸኩሉ። በዚህ በኩል የቆዩ ተለማማጆች የሚሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ «ወደ ላይ የሚወጣ ነገር» ያለ ሰው «ሚናሬት ነው» ብሎ ከወሰነ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ስለ ሚናሬት ከሚያውቀው የተቀዳ ይሆናል። ሲጨርሱ ገጹን ፎቶ አንሥተው፣ ፖስታው ከመከፈቱ በፊት፣ ለዳኛዎ ይላኩት። የተላከበት ሰዓት ስለሚመዘገብ ከዚያ በኋላ መርከብ የሚሰርዝ አይኖርም። ዳኛው ወንድምዎም እርስዎም ያልሆነ፣ ዕጣውን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ገጹንና አራቱን ፎቶዎች አይቶ በጣም የሚመስለውን አንዱን ይመርጣል። ፖስታው የሚከፈተው ዳኛው ምርጫውን በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

የሚሞክሩትንም ብዛት አስቀድመው ይወስኑ፣ 40 በቂ ነው። «ዛሬ ቀልቤ አልተሰበሰበም»፣ «መብራት ጠፍቶ ነበር» ተብሎ የሚጣል ገጽ አይኑር፤ ውጤቱን ከማወቅዎ በፊት ካልጣሉት በኋላ አይጣልም። ከአራት አንዱን መምረጥ ስለሆነ፣ ምንም ችሎታ የሌለው ሰው ከ40 ወደ 10 ያህል ያገኛል። 12 ወይም 13 ማግኘት የተለመደ ዕድል ነው። በአጋጣሚ ብቻ 16 ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኝ ከ100 ሰው 3 ያህል ቢሆን ነው፤ እዚያ ከደረሱ ከአዲስ ፎቶዎችና ከአዲስ ዳኛ ጋር ሌላ 40 ይጀምሩ እንጂ ገና አያውጁ። እስካሁን የሚመኩበት ከስምንት አራት ግን፣ በትክክለኛ ዳኝነት ተገኝቶ ቢሆን እንኳ፣ ከ100 ሰው 11 ያህሉ በዕድል የሚያገኘው ነው። በቴሌግራሙ ቡድን ውስጥ ብዙ መቶ ሰልጣኞች ካሉ፣ በየሳምንቱ የሚደነቅ ነገር የሚያወራ ሰው አለመጥፋቱ የሚገርም አይደለም፤ ያልገጠመላቸው ዝም ይላሉ።

ምን ይጠብቁ? እንደ እኔ ግምት ውጤትዎ 10 አካባቢ ይውላል። ለዚህ ችሎታ እጅግ አመቺ ነው የሚባለው ጋንዝፌልድ የሚባል የቤተ ሙከራ ዘዴ ነው፤ ተሞካሪው ዓይኑን ብርሃን በሚያሳልፍ መሸፈኛ ሸፍኖ፣ ጆሮው ላይ ወጥ የሆነ ድምፅ እየሰማ የሚቀመጥበት። በዚህም ቢሆን ከ100 በዕድል 25 በሚጠበቅበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዳሪል ቤም እና ቻርልስ ሆኖርተን ያወጡት ውጤት 32 ያህል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ጁሊ ሚልተን እና ሪቻርድ ዋይዝማን በሌሎች ቤተ ሙከራዎች የተሠሩ 30 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ልዩነቱ አልተገኘም። እስቲ የ1994ቱን ውጤት እንዳለ እንቀበለው። ያኔም ቢሆን ተመልካቹ ከሦስቱ ሁለት ጊዜ ይስታል ማለት ነው፤ ያውም መልሱ ከአራት ፎቶዎች አንዱ መሆኑ ተነግሮት። የጎረቤትዎ ወርቅ ያለበት ቦታ ደግሞ ከአራት አንዱ አይደለም።

ስለዚህም በሰው ሕመም፣ በእርግዝና፣ በትዳር ታማኝነት፣ በሞት፣ በስርቆትና በጠፋ ሰው ላይ «አየሁ» ማለት አይኑር፤ ሰዎች ቢለምኑዎትም፣ በነጻ ቢሆንም። የጠፋ ሰው የሚፈልግ ቤተሰብ ከመጣብዎ፣ ከፖሊስ ሌላ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት እንዳለው ይንገሯቸው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ተስፋ ይዞ የሚሄድበትን አቅጣጫ ሁሉ እውነት አድርጎ ይይዛል፤ በአንድ ሥዕል የተነሣ ሳምንታት በተሳሳተ ቦታ ሊፈልግ ይችላል።

ነገሩ በጣም እርግጠኛ ሆኖ እንደሚሰማዎት ጽፈዋል። ያ ስሜት እውነተኛ ነው፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1932 እዚሁ ጎንደር ለወራት ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ያጠናው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ፣ በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከልብ የሚኖሩትና የሚጫወቱት ነገር የት ላይ እንደሚለያይ ለመወሰን አስቸጋሪ ሆኖ አግኝቶታል። ሰው በቅንነት ሊናገርና ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የጤናውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ገጾችዎ ላይ የተጻፈው ሰዓት በአብዛኛው ከሌሊቱ ስድስትና ሰባት ሰዓት ነው። እንቅልፍና ንቃት በሚገናኙበት ጊዜ ጥርት ያለ ምስል ማየት፣ ስም ሲጠራ መስማት፣ ዱካክ እንደሚባለው ሰውነት አልንቀሳቀስ ብሎ የሆነ ነገር ደረት ላይ እንደተቀመጠ መሰማት ጤነኛ ሰው ላይም ይደርሳል፤ እንቅልፍ ያነሰው ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል። ልምምዱን ወደ ቀን ያዙሩት፣ ጫት ከቃሙበት ቀን ጋርም አያገናኙት። ልምምድ ላይ ሳይሆኑ ድምፅ የሚሰማዎት፣ ድምፁም የሚያዝዝዎት ከሆነ፣ ሰዎች ሐሳብዎን የሚያነቡ ከመሰለዎት፣ ወይም ሳይተኙ ነግቶም ድካም የማይሰማዎት ከሆነ፣ ሁሉንም አቁመው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ይሂዱ። ጸበል መጠመቅ ሐኪም ከማየት አይከለክልም፣ ሐኪምም ጸበልን አይከለክልም፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን አያቋርጥ። ልምምዱ ከሃይማኖትዎ ጋር ይስማማል ወይ ለሚለው የሚመልሱልዎ የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ እኔ ሥልጣኑ የለኝም።

ለሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና አይክፈሉ። አሠልጣኙን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ የመጀመሪያውን ደረጃ የጨረሱ ሰዎች በሙሉ፣ የገጠመላቸውም ያልገጠመላቸውም፣ በማያውቅ ዳኛ የተመዘነ ውጤታቸው የት ተመዝግቧል? «ተጠራጣሪ ባለበት ኃይሉ ይዘጋል» ካለዎት መልሱን አግኝተዋል። 40ው ገጽ ሲሞላ፣ ከፈቀዱ፣ ገጾቹንና አራት አራቱን ፎቶዎች ይላኩልኝ፤ የትኛው ዕጣ እንደወጣ ግን አይንገሩኝ፣ ዳኛ እሆንልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤትዎን ያናግሩ።